ድመትና ውሻ የሚዘንብበት አገር

ስፔኖች ላሊበላ የሚመጡት በነሐሴ ነበር። በአገራቸው የዓመት ዕረፍት የሚወጣው በዚያ ወር ነው። እኛ ፍልሰታን ይዘን፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወርደው ጉም ከተማውን ውጦት፣ በጋውን ደርቆ የከረመው ዮርዳኖስ ወንዝነቱ ትዝ ብሎት ድምፅ ሲያሰማ፣ እነሱ በስስ የዝናብ ልብሳቸው ተጀቡነው ከች ይላሉ። እንግሊዙም አሜሪካኑም ከመስቀል እስከ ጥምቀት ያለውን ብራ መርጦ ስለሚመጣ ክረምት ለአስጎብኚ የጾም ወቅት ነው፤ የሆድም የኪስም። በነሐሴ የመጣ ሰው በምንም ቋንቋ ይናገር፣ ለኛ የእግዜር እንግዳ ነበር። ችግሩ፣ እኔ ሥራውን በጀመርኩበት በ1990ዎቹ አጋማሽ ከኛ ከወጣቶቹ መካከል ስፓኒሽ የሚችል አልነበረም።

ስለዚህ ቡድኖቹ አስተርጓሚያቸውን ከአዲስ አበባ ይዘው ይመጣሉ። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ አስተርጓሚው ወደ ስፓኒሽ ይመልሳል። ከእነዚያ አስተርጓሚዎች አንዳንዶቹ ቋንቋውን የተማሩት ማድሪድ ሄደው እንዳይመስላችሁ። ኩባ ነው ያደጉት። በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከኛ ጎን ተሰልፈው ነበር፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት የወደቁትን ኩባውያን ጭምር ያስታውሳል። ከጦርነቱ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች፣ ብዙዎቹ አባታቸውን በግንባር ያጡ፣ የወጣቶች ደሴት ወደተባለችው የኩባ ደሴት ተላኩ። ኑሯቸው ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ሥራ ነበር። የሚገርመኝ፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዓለም የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ጋር በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈሩትም በዚያው በ1970 መሆኑ ነው። የኔ እንጀራና ከእነዚያ አስተርጓሚዎች የአንዱ፣ የጋሼ ዕጣ በአንድ ዓመት ተጻፉ ማለት ነው።

ስሙን አልጽፍም፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። አጠር ያለ፣ ራሰ በራ፣ ሲስቅ ትከሻው አብሮት የሚስቅ ሰው። ደሴቲቱ ላይ ሕፃን ሆኖ ወርዶ ጎልማሳ ሆኖ ነው የተመለሰው። ስፓኒሹ የኩባ ስለሆነ አውቶቡሱን «ጓጓ» ብሎ ሲጠራው የማድሪድ እንግዶች ይስቁበታል፤ ኩባ ውስጥ አውቶቡስ ጓጓ ነው። እኛም እንስቃለን፣ በራሳችን ምክንያት። «ጓጓ መጣ!» ብሎ በተጣራ ቁጥር ሹፌሩ «ይጓጓ እንጂ፣ ምሳ ሰዓት አልፎ የለ!» ይል ነበር።

ጋሼን ያሳሰበው ግን ስፓኒሽ በዓመት ከአንድ ወር በላይ እንጀራ የማያበላ ቋንቋ መሆኑ ነው። ቀሪውን ዓመት የሚያበላው እንግሊዝኛ ነበር። በልጅነቱ ስለሄደ እንግሊዝኛን የተማረው ብቻውን ነው፤ በሬዲዮ፣ በመዝገበ ቃላት፣ በትዕግሥት። ሰዋስዉ የሚታማ አልነበረም። የሚያሰናክለው ፈሊጡ ነው። ቃሉን አንድ በአንድ ያውቀዋል፣ ሲገጣጠም ግን ይጠፋበታል። እናም ተዋዋልን፤ እኔ የእንግሊዝኛውን ፈሊጥ ላስረዳው፣ እሱ ስፓኒሽ ሊያስተምረኝ። ማታ ማታ ከሆቴሉ በታች ባለችው ሻይ ቤት፣ መብራት በጠፋ ቀን በሻማ፣ ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፍሎ ይጽፍ ነበር። እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽ፣ አማርኛ።

የመጀመሪያው መስመር የተጻፈው ቤተ ጊዮርጊስ ውስጥ በወረደብን ዝናብ ምክንያት ነው። አንድ የስፔን ሴት ያገባ እንግሊዛዊ ከቡድኑ ጋር መጥቶ ነበር። በጠባቡ መተላለፊያ ወርደን ከጉድጓዱ ወለል ስንደርስ ሰማዩ ተከፈተ። ጫማ ጠባቂው የሰዉን ጫማ ሁሉ ሰብስቦ ጋቢው ውስጥ ሸጎጠ፤ እኛም ደጃፉ ላይ ተጠጋግተን ቆምን። እንግሊዙ 12 ሜትር ወደ ላይ አንጋጦ የታወቀችውን ተናገረ፣ ድመትና ውሻ እየዘነበ ነው አለ። ሚስቱ ወደ ጋሼ ዞረች፣ ቡድኑም ዞረ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረ።

«ዲያቆን፣ ውሻ ነው ያለው?»

«አዎ፣ ውሻ። ድመትም።»

«የት አየ?»

ይኼኔ በሩ ሥር የነበሩት ቄስ «ውሻ» የምትለዋን ብቻ ሰምተው ኖሮ «ውሻ ገባ እንዴ?» ብለው መቋሚያቸውን አንሥተው ብድግ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ውሻ አይገባም፤ የገባ እንደሆነ ጣጣው ብዙ ነው። አባን አረጋግተን፣ ለጋሼ አስረድቼ፣ ጋሼ ለስፔኖቹ እስኪያስረዳ ድረስ ዝናቡ አባራ።

ማታ እንደነገረኝ ስፔኖችም ኩባዎችም በኃይል ሲዘንብ «በእንስራ ዘነበ» ነው የሚሉት። እኛ ሰማዩ ተቀደደ እንላለን። የእንግሊዞቹ ድመትና ውሻ ከየት እንደመጣ ራሳቸው እንግሊዞቹም አይስማሙበትም። ጋሼ ፍርዱን ለእንስራ ሰጠ፤ እኔም ተስማማሁ። ከምንጭ እንስራ አዝላ ዳገት የወጣች የላስታ ሴት እንስራ ሙሉ ውሃ አናት ላይ ቢወርድ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ሁሉ ለቀማ ሆነ። አሸተን ማርያም ስንወጣ አንዱ እንግዳ፣ በቅሎ ለምን አትቀመጥም ቢባል፣ ዳገቱ ለሱ «ቁራሽ ኬክ» እንደሆነ ተናገረ፣ ቀላል ነው ማለቱ ነው። በቅሎ ሳቢው ልጅ ከእንግሊዝኛው «ኬክ» የምትለዋን ይዞ እስከ ማታ ሲጠብቅ ዋለ። ጋሼ አዘነለትና፣ ኬኩ ኬክ እንዳልሆነ፣ ስፔኖች ደግሞ ይህንኑ «የተበላ ዳቦ» እንደሚሉት አስረዳው። ልጁ «ከተበላማ ለኔ ምን ይረባኛል?» ብሎት ሄደ። የመግቢያ ትኬቱ 50 ዶላር የገባ ጊዜ ደግሞ እንግሊዙ ክንድና እግሬን አስከፈላችሁኝ ሲል፣ ስፔኑ ከፊቴ ላይ አንድ ዓይኔን ወሰዳችሁ አለ። ስፔኑ በርካሽ ወጣ፣ አለ ጋሼ። ማለዳ ቅዳሴ ሲሰሙ እንግሊዙ «ለኔ ግሪክኛ ነው»፣ ስፔኑ «ለኔ ቻይንኛ ነው» ይላሉ፤ ምንም አልገባኝም ለማለት። እንግሊዙ ሳያውቀው ተጠግቶ ነበር፤ የግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ በዋናነት የተተረጎመው ከጽርዕ፣ ከግሪኩ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሁልጊዜ ይገጥመን ነበር። ሰው ቀን የጠረበውን ያህል መላእክት ሌሊት ይጠርቡ እንደነበር ስንናገር፣ ከእንግሊዞቹ አንዱ «እግሬን እየጎተትክ ነው?» ይላል፣ ትቀልድብኛለህ ወይ ለማለት። የስፔኖቹ ደግሞ ፀጉርን መያዝ ነው። «እኔንማ ማንም አያታልለኝም» ይል ነበር ጋሼ መላጣውን እያሻሸ። ይህ ያለመታመን ነገር አዲስ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ ላሊበላ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው መጽሐፉ ያየውን ጽፎ ሲያበቃ፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ሰግቶ በእግዚአብሔር ስም ይምላል። እግር ትጎትታለህ እንዳይባል የፈራ የመጀመሪያው የላሊበላ አስጎብኚ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የእንግሊዝኛ ፈሊጥ የተገለጠልኝ በመንግሥት ትምህርት ቤት አልነበረም። እዚያ የተማርነው አክቲቩን ወደ ፓሲቭ መለወጥ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በሬው ሣሩን ሲበላ፣ ሣሩ በበሬው ሲበላ ከረምን። የተገለጠልኝ የኔታ ዘንድ ነው። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ፣ ድቁና ተቀብዬ ስለነበር፣ እንግሊዞቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ የወሰዱትን ሲናገሩ የማውቀውን ዘመድ ልብሱን ቀይሮ የማገኘው ይመስለኝ ነበር። አንዱ ሽማግሌ የልጁን ፎቶ አውጥቶ «የዓይኔ ፖም» ሲለኝ ግራ አልተጋባሁም። ዳዊት ፈጣሪውን እንዲጠብቀው የሚለምነው እንደ ዓይን ብሌን አድርጎ ነው፤ በግዕዙ ብንተ ዓይን። ስፔኖች ይህንኑ «የዓይኔ ልጃገረድ» ይሉታል። ከሦስታችን ፖም ያደረጉት እንግሊዞቹ ናቸው፤ ለምን ዓይንን ከሚበላ ነገር ጋር እንዳገናኙት ዛሬም አይዋጥልኝም።

ለጋሼ ግን ይህ ሁሉ አዲስ ነበር። ደሴቲቱ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተማረው ሰው የለም። የሚገርመው፣ በስፓኒሽ ፈሊጡን ዕድሜውን ሙሉ ሲናገረው ኖሯል። «እጄን ታጥቤያለሁ» ይላል፣ በነገሩ የለሁበትም ለማለት፤ የማን እጅ እንደሆነ አያውቅም። ስለ ጲላጦስ ስነግረው ሻዩ ቀዘቀዘ። እንግሊዞቹም ስፔኖቹም ከዚያ ታሪክ የወሰዱት እጁን ነው። እኛ የያዝነው ቃሉን ነው፤ ከደሙ ንጹሕ ነኝ እንላለን። አንድ ሰው፣ አንድ ሰሃን ውሃ፣ እኛ ጆሯችንን ሰጠን እነሱ ዓይናቸውን። ጋሼ ይህን ሦስት ጊዜ አስደግሞኝ ጻፈው። ዕንቁን በእሪያ ፊት ስለ መጣል ስነግረው ደግሞ ተራው የሱ ሆነ፤ ስፔኖች ለአሳማ የሚወረውሩት «ማርጋሪታ» ነው፣ ማርጋሪታ ድሮ ዕንቁ ማለት ነበር፣ ዛሬ ግን ብዙው ሰው የሚያውቀው አበባዋን ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ የስፔን ልጅ ይህን ሲሰማ በዓይነ ኅሊናው የሚታየው አበባ የሚበላ አሳማ ነው። አሳማ ደግሞ አበባ ቢያገኝ አይጠላም፤ ተግሣጹ እዚያ ላይ ፈሰሰ።

ከሁሉ የከነከነው የነብሩ ነገር ነበር። እንግሊዞች አመሉን የማይተው ሰው ሲገጥማቸው ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም ይላሉ። ይህ የነቢዩ ኤርምያስ ነው፣ ምዕራፍ 13። ኤርምያስ ግን ነብሩን ብቻውን አላነሣውም፤ ከፊቱ ያስቀደመው ኢትዮጵያዊውንና መልኩን ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የወጣው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ሁለታችንንም ይዟል። በአፍ ሲነገር ግን እኛ ወድቀን ነብሩ ቀረ። እኛ ዘንድ ሁለቱም አብረው ናቸው፣ እንዲያውም እኛ እንቀድማለን።

«ቆርጠው ጣሉን?» አለ ጋሼ።

«ጣሉን።»

ጥቂት አሰበና «ደግ አደረጉ» አለ። «እኔ ስንቴ ተለውጫለሁ! ያልተለወጠው ነብሩ ነው።»

በንጉሡ ዘመን ተወልዶ፣ በደርግ ዘመን የአብዮት ልጅ ተብሎ ባሕር ተሻግሮ፣ ተመልሶ ሲመጣ የላከው መንግሥት የሌለበት ሰው ነውና፣ መልስ አልነበረኝም።

እኔን ያስቸገረኝ የባሕሩ ነበር። እንግሊዝ የደሴት ሰው ስለሆነ ከአፉ ሸራና መልህቅ አይጠፋም፤ ላስታ ደግሞ ከባሕር የራቀ ተራራ ነው። ሥራ መልመድን «ገመዶቹን ማወቅ» የሚሉት ለምንድን ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ ግራ ገብቶኝ ነበር። የመርከብ ሸራ የሚሳብበት ገመድ መሆኑን ያስረዳኝ ጋሼ ነው። ኩባዎችም እርዳኝ ሲሉ «ገመድ ወርውርልኝ» ይላሉ ብሎ ጨመረልኝ። ዳዊት ከኔ፣ ባሕር ከሱ። ውላችን በዚህ ተመጣጠነ።

ፈሊጥ ማወቅና ፈሊጥ መናገር ግን ለየቅል ናቸው፤ ይህን ጋሼ የተረዳው በቤተ ጎልጎታ ደጃፍ ነው። በመጨረሻ የእንግሊዝ ቡድን አግኝቶ ነበር። የቅዱስ ላሊበላ መቃብር እዚህ እንደሆነ ሲናገር፣ ንጉሡ እዚህ «ባልዲውን በእግሩ መታ» አላቸው። መሞት ማለቱ ነው፤ ፍቺው ትክክል ነው፣ ደብተሩ ላይም ያለው እንዲያ ነው። ስፔኖችም ተመሳሳይ አላቸው፣ እግሩን ዘረጋ ይላሉ። ሁለቱም ግን ለጎረቤት በቀልድ የሚባሉ እንጂ ለጻድቅ ንጉሥ የሚባሉ አይደሉም። እንግዶቹ መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ከዚያ አንዷ አፏን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች፣ ከዚያ ሁሉም ፈነዱ። አባ፣ ምን አስቋቸው እንደሆነ ቢጠይቁኝ፣ ደስ ብሏቸው ነው አልኳቸው። ማታ ለጋሼ «እኛስ ንጉሥ አረፈ እንጂ ሞተ እንላለን?» ስለው ገባው። ደብተሩ ላይ አራተኛ ዓምድ ጨመረ፣ ለማን እንደሚባልና ለማን እንደማይባል የሚጻፍበት። ያ ዓምድ ከሦስቱ ይበልጥ ነበር። ብዙ የፈሊጥ መጽሐፍ አይቻለሁ፤ ያን ዓምድ በደንብ የሞላው ጥቂት ነው።

ከዚያ ጀምሮ የኔ ደንብ ይህ ነው፣ ለአዳዲሶቹ አስጎብኚዎችም የምነግራቸው፦ ፈሊጥ ለመስማት ተማሩ፣ ለመናገር አትቸኩሉ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ስፔናዊ፣ ጃፓናዊና የላስታ ሰው ቢቀመጡ በእንግሊዝኛ አሳምረው ይግባባሉ። ሁሉም ቋንቋውን በእንግድነት ስለሚያውቁት ቃሉን በልኩ ይጠቀማሉ። ወሬው የሚበላሸው እንግሊዙ ወንበር ስቦ ሲቀላቀላቸው ነው። ለስፔኖቹ ስለ ፔድሮ ፓኤዝ መንገር የምወደውም ለዚህ ይሆናል፤ እሱም የኛን ቋንቋ የተማረው በእንግድነት ነው። ማድሪድ አጠገብ የተወለደ ኢየሱሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ አማርኛና ግዕዝ ተምሮ፣ በ1618 የዓባይን ምንጭ አይቶ፣ በ1622 እዚሁ አረፈ። የሃይማኖቱን ነገር ለታሪክ ሰዎች እተወዋለሁ፤ ጋሼ ስፓኒሽ ከመማሩ አራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ስፔናዊ አማርኛ ተማረ ስላቸው ግን ብዙዎቹ ስሙን እንኳ ሰምተውት አያውቁም። ጋሼ ይህን ሲተረጉም ድምፁ ከፍ ይል ነበር።

በ2012 ኮሮና መጣ፣ የነሐሴው ስፔናዊም የጥር ወሩ እንግሊዛዊም ቀረ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ከተማው በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከተማው ከእጅ ወደ እጅ ሲገላበጥ መብራት የለም፣ ባንክ የለም፣ ስልክ የለም። የተራበውም የተሰደደውም ብዙ ነው፤ ያንን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ። መስመር ሲመለስ ከሩቅ ከደወሉልኝ ሰዎች አንዱ ጋሼ ነበር፣ ከአዲስ አበባ።

«ዲያቆን! አላችሁ?»

«አለን ጋሼ።»

«እንዴት ተረፋችሁ?»

ምን እንደምለው ጠፍቶኝ «በጥርሳችን ቆዳ» አልኩት። እንግሊዞች ለጥቂት አመለጥኩ ሲሉ የሚሏት ናት፤ ጥርስ ቆዳ የለውም ብሎ ሻይ ቤቷ ውስጥ አንድ ምሽት ሙሉ ተከራክሮኝ ነበር።

«ኢዮብ ነው» አለ ወዲያው። «ምዕራፍ 19።»

«አልረሳህም?»

«ደብተሩ አለ። የስፓኒሹን ግን ያን ጊዜ አልነገርኩህም። እነሱ በፀጉር ነው የሚያመልጡት። በፀጉራቸው ተይዘው ለጥቂት።»

«እና?»

«እናማ እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ አልቆልኝ ነበር» አለ፣ ራሰ በራው ጋሼ።